ከፒያኖው ያልወጣው ፉጨት

የማወራው ስለ እህቴ ባል ነው። በሕይወት አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጋዜጣውን ያነባል። የሌለው ጆሮው ነው። ሰው «ምን ነካው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «በሽታ ነው» እላለሁ፤ ሐኪሟም ያለችው ይኸንኑ ነው። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ያንን ጆሮ ለማዳን የሚሞከርበት ሁለት ሳምንት ነበረ፤ ሁለቱንም ሳምንት የበላሁት እኔ ነኝ። በተንኮል አድርጌው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ተንኮል ይናዘዙታል። እኔ ያደረግኩት በደግነት ነው፣ ደግነት ከተባለ።

ጋሼ ነው የምለው። እህቴን ሲያገባ እኔ ገና አፍንጫዬን በእጅጌዬ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ፤ ያኔ ጋሼ አልኩት፣ ጋሼ ሆኖ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ፒያኖ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ይጫወታል፤ ከሰዓት በኋላ ለሻይ ጠጪዎች ይጫወታል፤ ከዚያ ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ። ሹካና ቢላ ይንቃጨላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ በስልክ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፤ እሱ ይጫወታል። አንድ ቀን ተናድጄ፣ ማንም የማይሰማህ ከሆነ ለምን ትደክማለህ አልኩት። ባይሰሙኝ ኖሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያወሩም ነበር ብሎ መለሰልኝ። ለሰው ሁሉ ምክንያት ያገኝለታል። እንዲህ ያለ ሰው ጥሩ ነው ይባላል፤ አብሮት ለሚኖር ግን አንዳንዴ ያናድዳል።

አንድ ምስጢር ነበረው። ኖታ ማንበብ አይችልም። ይህን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ የለም። ሆቴሉ ውስጥ ፒያኖው ላይ የኖታ ደብተር ዘርግቶ ይቀመጥና በየመሃሉ ገጹን ይገልጣል፣ ለይምሰል። እህቴ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብትል ደብተሩ ተዘቅዝቆ ነው የተቀመጠው። በዚያ ስንት ዓመት ሳቅን መሰላችሁ። ዜማን ግን አንዴ ከሰማ በቃው፤ ጣቶቹ ራሳቸው ሄደው ያገኙታል። ዲፕሎማ የለው፣ ደብተር የለው፤ እንጀራው፣ ክብሩ፣ ሰውነቱ ሁሉ ጆሮው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቀረው ነገር ሁሉ ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

እኔ ደግሞ ጠጋኝ ነኝ። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የድምፅ ማጉያ፣ ድምፅ ያለው ዕቃ ሁሉ ሲታመም ወደ እኔ ሱቅ ይመጣል። ጋሼ «ብሎን» ይለኛል፤ ዕቃ ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል ብሎ። ውሸቱን ነው፤ የተረፈኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ግን ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል። አሁን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ብሎን ነው የሚለኝ።

በሙያችን ውስጥ አንድ ነገር አለ። «ማሳደር» እንለዋለን። ደንበኛ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም ይላል፣ ውስጡ ይንሾካሾካል ይላል። ትከፍታለህ፤ ምንም የለም። «ምንም የለበትም» ካልከው ይቀየማል፤ ሰድበኸዋልና። ሄዶ ለሌላ ጠጋኝ ይሰጠዋል፤ ያ ደግሞ ደህናውን ነቅሎ አሮጌ ይተክልበታል። ስለዚህ «አገኘሁት፣ ከነገ ወዲያ ና» ትለዋለህ። ዕቃው ሁለት ቀን መደርደሪያ ላይ ያድራል። አቧራውን በጨርቅ ጠርገህ ትመልስለታለህ። ከዐሥሩ ዘጠኙ «አሁን ገና ሰው ሆነ!» ብለው አመስግነው ይሄዳሉ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ነው ያሳየኝ። ለደንበኛው ስል የማደርገው ደግ ሥራ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ሠራሁበት፤ አንድ ቀን እንኳ ቆርቁሮኝ አያውቅም።

ታዲያ ሆቴሉ ታደሰ። አዳራሹ ተቀባ፣ ጣሪያው ላይ ትናንሽ ስፒከሮች ተሰገሰጉ፣ ፒያኖው ወጣ፤ ጋሼም አብሮት ወጣ። የምስጋና ደብዳቤ ሰጡት። ቤት መዋል ጀመረ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የሷ ነው፣ የስፌት መኪናውና የኮት ጨርቁ እዚያ ነው ያለው። ጋሼ ጥግ ይዞ ይቀመጥና መኪናዋ ስትሄድ በጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይከተላታል። አንድ ወር እንዲህ ከሆነ በኋላ እህቴ ወደ ሱቄ መጥታ፣ ይህን ሰው አንድ ነገር ካላደረግነው ጉልበቱን በስቶ ይጨርሰዋል አለችኝ።

ፈልገን አገኘን። ከሰፈሩ የሚለቁ ቤተሰቦች ልጃቸው ትታው የሄደችውን ዲጂታል ፒያኖ ይሸጡ ነበር። ያገለገለ ነው፤ ግን ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው፣ ሲጫኗቸውም እንደ እውነተኛው ፒያኖ ክብደት አላቸው። ጋሼ በቤቱ ሊያስተምርበት ነው። የመጀመሪያ ተማሪው ገና ፒያኖው ቤት ሳይገባ ተገኘ፤ በጡረታ ላይ ያለ የትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ሳጅን እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ ሙዚቃ ሲመኝ ኖሮ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጫወተው መሣሪያ ፊሽካ ብቻ ነበር። ሁለት የጎረቤት እህትማማቾችም ተመዘገቡ። ፒያኖውን እኔና ሳጅን ተሸክመን ኋለኛው ክፍል አስገባነውና ሰካነው።

ዝዝዝ አለ።

እህቴ ከፊተኛው ክፍል ሆና፣ ፒያኖ ነው የገዛችሁት ወይስ ቀፎ ብላ ጠየቀች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሥራ መጣ ማለት ነው፤ ለጋሼ የምሠራለት ሥራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለዚያ ሰው ምን አድርጌለት አውቃለሁ? በልጅነቴ ጫማ የገዛልኝ እሱ፣ ሱቁን ስከፍት ዋስ የሆነኝ እሱ።

ያልተፈለገ ድምፅ ሲያጋጥምህ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ትለያለህ። ድምፅ መቀነሻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ታደርጋለህ፤ ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ ትሰካለህ። በማዳመጫው ውስጥም ከተሰማ ጣጣው ከቦርዱ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከሌለ ስፒከሩ ነው፣ ወይም የዕቃው አካል ነው። ዝዝታው በማዳመጫውም ነበር። ሻጮቹ የሰጡን አዳፕተር የሱ አልነበረም፤ ከሌላ ዕቃ የመጣ ርካሽ ነገር ነው። ልኩን ከሱቄ አምጥቼ ስሰካ ዝም አለ። ድምፅ መጨመሪያው ሲገፋ ደግሞ ይንኮሻኮሻል፤ አቧራ ነው፤ ማጽጃ ነፋሁበትና ከላይ ታች አርባ ጊዜ ያህል አመላለስኩት፤ ጸዳ።

ወፍራሙ ድምፅ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ የሆነ ነገር ይርገበገባል። የታችኛውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁት። የፀጉር መርፌ ወጣ፣ የእርሳስ ስባሪ ወጣ፣ አንድ የሕፃን ጥርስ ወጣ። ጥርሱን ሳጅን መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ፣ ይቺ ልጅ በጥርሷ ነው እንዴ የምትጫወተው አለ። መርገብገቡ ግን አልጠፋም። ጋሼ ተነሥቶ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደና ብርጭቆዎቹን በእጁ ደገፋቸው፤ ጠፋ። ከፒያኖው ጋር የሚዘፍኑት ብርጭቆዎቹ ነበሩ። ይኸን ነው የምላችሁ ጆሮ፤ እኔ ጠጋኙ ዕቃ ስፈታ እሱ ተቀምጦ ከግድግዳው በኩል እንደሚመጣ ሰምቶታል።

የቀረው የቁልፎቹ ማንኳኳት ነበር። ከቁልፎቹ ሥር የሚነጠፈው ወፍራም ጨርቅ አርጅቶ ተጣብቋል፤ እንጨት ላይ እንጨት ነው የሚያርፈው። እህቴ ለኮት አንገት የምታስገባውን ጨርቅ አውጥታ በቀጭን በቀጭኑ ቆረጠች፤ እኔ አጣበቅኩ፤ ጋሼ አንድ አንድ ቁልፍ እየነካ ይህ ወፈረ፣ ይህ ሳሳ እያለ ይመራናል። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እንደዚያ ዋልን። ሲያልቅ ተቀምጦ ተጫወተልን፤ እህቴ መቀሷን ይዛ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም።

በማግስቱ፣ አንድ ቀርቷል አለኝ። ቀጭን ፉጨት አለ፤ የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ሲፈላ እንደሚሰማው ያለ፣ ሩቅ ግን የማያቋርጥ። ጆሮዬን የፒያኖው ጎን ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም። እህቴን ጠራናት፤ ምንም። «እሱ የሚሰማውን እኛ የት ልንሰማው» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እውነቷን ነው፤ እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነው። በሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚሰማው ድምፅ ሲመጣ ሰውየውን ነበር የሚጠረጥሩት። እኛ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ብቻ የሰማው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ ስለተገኘ የጠረጠርነው ፒያኖውን ነው።

ሁለት ቀን ፈለግኩት። የመብራቱን መስመር ቀየርኩ፤ ሌላ ክፍል ወስጄ ሰካሁት። «አለ» ይለኛል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። በሦስተኛው ቀን የጆሮ ማዳመጫ አደረግኩለት።

«አለ» አለኝ፤ «በቀኝ በኩል ነው።»

ደስ አለኝ። በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ የቀኙ መስመር ነው፤ ተያዘ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ማዳመጫውን ገለበጥኩት፤ የቀኙን በግራ ጆሮው፣ የግራውን በቀኝ ጆሮው አደረግኩለት። ፉጨቱ የፒያኖው ከሆነ አብሮ ወደ ግራ መዞር አለበት።

«አሁንስ?»

«በቀኝ ነው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። የፒያኖው መብራት ጠፋ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ገመዱን በእጄ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አሁንስ ጋሼ?»

ዓይኑን ከፈተና በእጄ የያዝኩትን ሶኬት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም፤ የሚለምን ሰው ዓይን ነው።

«ትንሽ ትንሽ አለ» አለኝ፤ «ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ይሆን እንዴ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የፒያኖው አይደለም፣ የጆሮህ ነው፣ ተነሥ ሐኪም ቤት እንሂድ። ይህችን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ከጆሮው በቀር ምንም ለሌለው ሰው ጆሮህ ታመመ ብሎ ማን ይናገራል? አንጀቴን በላኝ። ደግሞም ለራሴ ምክንያት አላጣሁም፤ ዕድሜ ነው አልኩ፣ ብርድ ነው አልኩ፣ በሳምንት ይለቀዋል አልኩ።

«አዎ» አልኩት፤ «የቀረ ኤሌክትሪክ ነው። ቦርዱን ሱቅ ወስጄ አየዋለሁ።»

ፊቱ በራ። ቦርዱን ፈትቼ በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ሱቅ ስደርስ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ፎጣውን እንኳ አልፈታሁትም። ሦስት ቀን አሳደርኩት። በአራተኛው ቀን አምጥቼ ገጠምኩና ሞክረው አልኩት። ጋሼ ተቀመጠ፤ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካ፤ እጁን አንሥቶ አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ጠፍቷል» አለኝ፤ «እጅህ ይባረክ።»

ሱቄ እስክደርስ ድረስ ለራሴ አየህ፣ አየህ እያልኩ ሄድኩ። ከዐሥሩ ዘጠኙ!

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ አላየሁም ብዬ ማለፍ ያዝኩ። ተማሪዎቹን በግራው በኩል ብቻ ማስቀመጥ ጀመረ። በቀኙ ሆነህ ብታወራው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ያልከው ነገር ግን ጥያቄ ነበር። እህቴ፣ ይኸ ሰው ነገር ገብቶታል፣ አኮረፈኝ መሰለኝ፣ መኪናዬንም መከተል ትቷል አለችኝ። ሆቴሉ ናፍቆት ነው አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኳት። በሆዴ ግን አውቃለሁ። ሌሊት አንቅቶኝ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ደንበኛ ይመጣል፤ ነገ ይሆናል።

ለእህቴ የነገራት ሳጅን ነው። ትምህርት ጨርሰው ከጋሼ ጋር መንገድ ሲሻገሩ በቀኝ በኩል መኪና መጣ። ጥሩምባው ጆሮ ይበጥሳል፤ ጋሼ ዞርም አላለም። ሳጅን የኮቱን አንገት ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ማን እንደደነገጠ፣ ማን እንዳልሰማ ይለያል። በቀጥታ ወደ እህቴ ሄዶ ስፌቷን አስቁሞ ነገራት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ሰው ወሬ የሚባለው በጋሼ ላይ በቁሙ ደረሰ፣ ከሱ በፊት መንገደኛው ሁሉ አወቀ።

በማግስቱ ሦስታችን ሐኪም ቤት ሄድን። ጋሼን አንዲት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጡት፤ ድምፅ ሲሰማ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ ሰጡት። እኛ ከውጭ በመስታወቱ እናየዋለን። መርማሪው መሣሪያውን ያዞራል፣ ያዞራል፤ የጋሼ አውራ ጣት ቁልፏ ላይ ተቀምጣ አትንቀሳቀስም። ያ ጣት አንድ ቁልፍ ላይ እንዲህ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድካም የያዛት፣ ነገር የማታስረዝም። ፉጨቱ መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው። ፒያኖውን በገዛሁ ሰሞን አላት። ቆጠሩት፤ ዘጠኝ ሳምንት ሆነ። ወረቀቱን አስቀመጠችና ቀኙ እንደሄደ፣ ግራውም እንደጀመረው ነገረችን። የገዛ ሰውነቱ ጆሮውን እንደ ጠላት እየወጋው እንደሆነ አስረዳችን። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ቢመጣ የሚሰጥ መድኃኒት ነበረ፤ ሁሉን አያድንም፣ ብዙዎችን ግን ያድናል። አሁን ለግራው እንሞክራለን፣ ቃል ግን አልገባም አለች። እህቴ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የፒያኖው መስሎኝ ነበር» አላት። ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ አላየም።

እህቴ መድኃኒቱን ልታወጣ ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ቀረን። በግራው በኩል ተቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማዳመጫውን የገለበጥኩ ቀን እንዳወቅኩ ነገርኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ በጥፊ ቢለኝ እጁን እስም ነበር።

«እኔም አውቄ ነበር» አለኝ። «ሶኬቱን ስትነቅል አወቅኩ። ግን አንተ የዕቃው ነው ካልክ ይሆናል አልኩ፤ ሙያው ያንተ ነው። መልሰህ ስታመጣው ፉጨቱ እዚያው ነበር። ሦስት ቀን ለፍተህበት አልጠፋም ልልህ አፈርኩ።»

ሦስት ቀን ለፍተህበት ነው የሚለኝ። ፎጣውን ያልፈታሁት ሰውዬ! ያኔ ነው ስለ ማሳደር የነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ምክንያት አላገኘልኝም። ከእንግዲህ እንዳልዋሸው አስማለኝ። ሊያሳዝነኝም ቢሆን፣ ሊያስለቅሰኝም ቢሆን አለ። ማልኩለት።

ለእህቴም በሳምንቱ ነገርኳት። አልጮኸችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እሱ ደበቀ፣ አንተ አስደበቅከው አለችኝና እግሯን መኪናው ላይ መልሳ መስፋት ቀጠለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒቱ ግራውን ሁለት ወር ያህል ያዘው። በነዚያ ሁለት ወራት ተስፋ አደረግን፤ ጋሼ ፊቱ በመድኃኒቱ አብጦ ያስተምር ነበር። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ዛሬ የሰማውን ነገ አይሰማውም። መጀመሪያ የቀጫጭኖቹ ቁልፎች ድምፅ ጠፋበት፤ ከዚያ የሴት ድምፅ፤ ከዚያ የኔ። ደብተር ገዛንለትና እየጻፍን ማውራት ጀመርን። እህትማማቾቹ ተማሪዎች ቀሩ፤ እናታቸው በትህትና ፈተና ደርሶባቸው ነው አለች። ሳጅን ብቻ አልቀረም። ማክሰኞና ዓርብ እየመጣ ይጫወታል፣ ጋሼ ጣቶቹን በዓይኑ እየተከተለ ያርመዋል። ሳጅን ከድሮውም ጎበዝ አልነበረም፤ አሁን ግን ሲሳሳት የሚያፍረው በእጥፍ ነው።

አንድ እሑድ ጋሼ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሆቴሉን ጥቁር ኮት ለብሶ ብቅ አለ። ዛሬ እጫወትላችኋለሁ አለ። ወራት ሙሉ ፒያኖው ጋ አልተቀመጠም ነበር። እጄ አይረሳም፣ ለጆሮ ምን አደከማችሁ እያለ ይቀልዳል፤ ድምፁ ከፍ ብሏል፣ መጠኑን አያውቀውምና። እህቴ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል። እሷ፣ ሳጅንና እኔ ከኋላው ተደርድረን ተቀመጥን። ፒያኖውን አበራ፤ እጆቹን አስቀመጠ፤ በሆቴሉ ምሳ የሚከፍትበትን ዜማ ጀመረ።

ቀኝ እጁ ልክ ነበር። ግራ እጁ ግን ሲያርፍ አንድ ቁልፍ ስቶ ነበር ያረፈው። አንዲት ቁልፍ ብቻ። ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል፤ ከተሳሳተው ቦታ ተነሥተው ትክክለኛውን መንገድ ሄዱ፤ ዜማውን ሁሉ አንድ ቁልፍ እንደሳቱ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሁለት እጆች ይጣላሉ፤ አንዱ የነካውን ሌላው ያበላሸዋል፤ ጥርስ ያስነክሳል። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ፈገግ ብሏል። ትከሻው እንደ ድሮው ይወዛወዛል። እህቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳጅን መሬት መሬቱን ያያል። አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ አላልቅ አለ።

ሲጨርስ ዞረ። ላብ ፊቱ ላይ ችፍ ብሏል፤ ዓይኑ ያበራል። ደብተሩን አንሥቶ ሌሎቹን አልፎ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«ብሎን፣ እንዴት ነበር?»

ከኋላው እህቴ ራሷን ትነቀንቃለች። በል ጥሩ ነው በል፣ በል ትለኛለች፣ በከንፈሯ ብቻ። እኔ ግን ምያለሁ። አንድ ጊዜ በውሸት ገድዬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሸውም። እርሳሱን አንሥቼ ጻፍኩለት። «ግራ እጅህ አንድ ቁልፍ ስቶ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገና እንደገና አነበበው። ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ አየው።

«አመሰግናለሁ» አለኝ። ፒያኖውን አጠፋ። ክዳኑን መለሰ። ኮቱን አወለቀና ለእህቴ ሰጣት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ሳጅንም ማክሰኞ መጥቶ በር ላይ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ።

የዚያን እሑድ እኔ ልወጣ ስል እህቴ እስከ ደጅ ተከተለችኝ። ኮቱ ክንዷ ላይ ነው።

«እውነት ሲያስፈልገው ዋሸኸው» አለችኝ፤ «ውሸት ሲያስፈልገው እውነቱን ነገርከው። እግዜር ይይልህ።»

ከዚያ እሱ እንዳይሰማ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።